የድሮ የድንጋይ ጋጣ ሳታፈርሱ ለማደስ (ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት)

መንዝ፣ ላስታ፣ ዋግ አካባቢ ያደጋችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። አያት የካቡት የድንጋይ ጋጣ ግድግዳው ሆድ አውጥቷል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ እናም ግቢ ያሉት "ይፍረስና በብሎኬት ይሰራ" ይላሉ፣ አዲስ አበባ ወይ አረብ አገር ያለው ልጅ ደግሞ ብር ልኮ "በሲሚንቶ አስለስኑት" ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። በድንጋይና በጭቃ የተሰራ ጋጣ ብዙውን ጊዜ እዛው ባለው ድንጋይና በሰፈሩ አፈር ይድናል፣ ዋናው ወጪም ጉልበት ነው።

መጀመሪያ ሲሚንቶው ለምን እንደሚጎዳ ልንገራችሁ። በጭቃ የተካበ ግድግዳ ሁሌም ትንሽ እርጥበት ከመሬት ይስባል፣ ከዛ በፀሐይና በነፋስ በመገጣጠሚያው በኩል ያወጣዋል። ውጪውን በሲሚንቶ ስትለስኑት መውጫውን ዘጋችሁበት ማለት ነው፣ እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይለሰልሳል፣ ልስኑ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ግን እየላላ ይሄድና አንድ ክረምት ላይ ልስኑ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። ይሄ የገጠር ቤት ችግር ብቻ አይደለም፣ በ1979 እ.ኤ.አ በዩኔስኮ የተመዘገበው የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በኖራ የተገነባ ነው፣ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች በሲሚንቶ ጠጋገኑት፣ በኋላ በተደረገው እድሳት ያ ስራ እየተነሳ በኖራ ተተካ። የነገስታቱ ግንብ ላይ ያልሆነው እኛ ጋጣ ላይም አይሆንም።

ስለዚ ስራው ከግድግዳው ሳይሆን ከውሃው ይጀምራል። ክረምት ላይ ዝናብ እየዘነበ ጋጣውን ዙሩት፣ ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚቆም በአይናችሁ እዩት። አብዛኛው ጋጣ በላይኛው በኩል ዳገት አለው፣ አፈሩና ፍጉ ባመታት ተከምሮ የግድግዳውን እግር ቀብሮታል። እሱን ቆፍራችሁ አንሱት፣ የውስጡ ወለል ከውጪው መሬት ከፍ እንዲል አድርጉ፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ቦይ አውጡና ውሃውን ወደ ታች ልቀቁት። ቦዩን ግድግዳው ስር አትቆፍሩ፣ የድሮ ቤት መሰረቱ ጥልቅ አይደለምና መሰረቱን ታራቁቱታላችሁ። ኩበት ግድግዳ ላይ አስጠግቶ መከመርም ይቅር፣ እርጥበት አፍኖ ይይዛል።

ከዛ ጣሪያው። ግድግዳ ሰርቶ ጣሪያ ማዘግየት ብር ውሃ ላይ መጣል ነው፣ ባይሆን ለጊዜው ሸራ አልብሱት። ማገሩንና ወጋግራውን አንድ በአንድ በቢላዋ ጫፍ ውጉት፣ ቢላዋው በቀላሉ ከገባ በስብሷል ወይ ነቅዟል ይቀየር፣ ጥድና ወይራ ከሆነ ግን ጥቁር ስለሆነ ብቻ አትጣሉት፣ ጭስ የጠጣ የድሮ ጥድ ዛሬ ከምትገዙት ባህር ዛፍ ይበልጣል። ክዳኑ ሳር ከሆነ ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ይሁን፣ ወደ 45 ዲግሪ፣ ዘርዘር ብሎ ለጥ ያለ ሳር ውሃ ያስገባል። መንዝ ላይ ምርጡ የጓሳ ሳር ነው፣ ግን ጓሳን ህብረተሰቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ስርዓት እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው ቦታ ስለሆነ አጨዳው በፈቀዱት ጊዜ ብቻ ነው፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቆርቆሮ ከመረጣችሁም ችግር የለውም፣ ብቻ ጠርዙ ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወጣ ይበል፣ በሽቦም ወደታች በደንብ ይታሰር፣ የደጋ ንፋስ አይታመንም።

አሁን ግድግዳው። ስንጥቅ ካለ ቶሎ ብላችሁ አትሙሉት፣ መጀመሪያ እየሰፋ ነው ወይስ ድሮ ቆሟል የሚለውን እወቁ። ስንጥቁ ላይ ተሻጋሪ አድርጋችሁ መዳፍ የሚያክል ጀሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ከክረምት በኋላ ጀሶው ካልተሰነጠቀ ግድግዳው አርፏል፣ በጭቃና በጠጠር ሞልታችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። ከተሰነጠቀ ግን መሰረቱ እየሰመጠ ነው ወይ ጣሪያው ግድግዳውን ወደ ውጪ እየገፋ ነው፣ እሱ ሳይስተካከል ስንጥቁን መሙላት ዋጋ የለውም።

ሆድ ያወጣውን በግንድ ገፍቶ መመለስ የሚባል ነገር የለም፣ አደገኛም ነው። ጣሪያውን ከውስጥ በጠንካራ ምሰሶ ደግፉ፣ ከዛ ያበጠውን ከላይ ወደታች ፍቱት፣ በጭራሽ ከስር አትጀምሩ። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ድንጋዮቹን በጠመኔ ቁጥር ጻፉባቸው፣ የማዕዘኖቹን ለብቻ አስቀምጡ። ሲፈታ ለምን እንዳበጠ ራሱ ይነግራችኋል፣ ብዙ ጊዜ የውጪው ካብና የውስጡ ካብ ለየብቻ የቆሙ ናቸው፣ መሃላቸው ያለው ሙሌት ውሃ ገብቶበት ወርዶ እንደ ሽብልቅ ሁለቱን ለያይቷቸዋል። ስለዚ መልሳችሁ ስትክቡ ከውጪ እስከ ውስጥ የሚሻገር ረጅም ድንጋይ በየሜትሩ አስገቡ፣ ወደላይም በየ60 ሴንቲው አካባቢ ድገሙት። ድንጋዩ በሰፊው ጎኑ ይተኛ፣ ለመልኩ ብላችሁ አታቁሙት። መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ላይ አይውደቅ። መሃሉን አፈር ብቻ አታፍስሱበት፣ ጠጠር በእጅ እየተወተፈ በጭቃ ይጠቅጠቅ። ካቡ ቀጥ ማለቱን ለማየት ቱንቢውን ቶሎ ቶሎ ጣሉ፣ ባንድ ቀንም ከግማሽ ሜትር ብዙ አትውጡ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ክብደት ከበዛበት ካቡ ይንሸራተታል።

ጭቃው ላይ አትቸኩሉ። የላይኛውን ስራስር ያለበትን አፈር አንሱና ከስሩ ያለውን ተጠቀሙ፣ መረሬ (ጥቁሩ አፈር) ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ቀይ አፈር ወይ አሸዋ ይጨመርበት። የጡብ መጠን ያለው ናሙና ሰርታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ፣ ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ ጨምሩ፣ በእጅ ሲታሽ ከተፈረፈረ ደግሞ ማጣበቂያ አፈር ጎድሎታል። ጭቃው በጭድ ተረግጦ ጥቂት ቀን ይቡካ። ጊዜው ከጥቅምት በኋላ ነው፣ በልግ ሳይገባ መጨረስ፣ ግን ደጋ ላይ ህዳርና ታህሳስ ውርጭ አለ፣ እርጥብ ካብ ሌሊት ከመታው ጭቃው ይፈረካከሳል። ማታ ማታ ጭድ ወይ ጆንያ አልብሱት።

ውጪውን ማጠንከር ከፈለጋችሁ በኖራ ሙሉት፣ አንድ እጅ ኖራ ሶስት እጅ አሸዋ፣ መገጣጠሚያውን ብቻ፣ የድንጋዩን ፊት አትሸፍኑ። ያልጠፋ ኖራ (ገና ውሃ ያልነካው) ከሆነ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይፈላል፣ ኖራውን ወደ ውሃው ቀስ እያላችሁ ጨምሩ እንጂ ውሃ አታፍስሱበት፣ መነፅርና ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። ከተሞላ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ረጠብ ያለ ጆንያ አልብሱት፣ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።

ውስጡን በጭድ ጭቃ መርጋችሁ በእበት ልቅለቃ ጨርሱት። ከብት የሚቆምበት ጋጣ ከሆነ ግድግዳው እግር ላይ ነጭ ጨው ታያላችሁ፣ ከሽንት የመጣ ነው፣ ድንጋዩንም ይበላል። በደረቁ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት፣ ውሃው ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ወለሉን በጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ፣ ወደ በሩ ዘንበል ይበል፣ ሽንቱ በመሃል ቦይ ይውጣ፣ ግርግሙንም ከግድግዳው አላቁት።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ድንጋይ ከመነቀሉ በፊት የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጠይቁ፣ ያለ ፈቃድ መጠገን በህግ ያስጠይቃል። ሰፈር ውስጥ በጭቃ የሚክቡ ሽማግሌ ካሉ ደግሞ የቀን ሙያተኛ ከመቅጠራችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ፣ ድካም ካለባቸው ወንበር አውጡላቸውና ወጣቶቹን እየተቆጣጠሩ ያሰሩ፣ የቀን አበላቸውንም ሳትሸራርፉ ክፈሏቸው።