ጥቅስ መቦጨቅ ይብቃን፦ በእግዚአብሔር አቅርቦት መታመንን ስንማር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሰሞኑን አንዲት እህት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኋላ ወደ እኔ መጣችና ስልኳን አሳየችኝ። በሚያምር ፎቶ ላይ የተጻፈ ኤርምያስ 29፥11 ነው፤ እግዚአብሔር ፍጻሜና ተስፋ ሊሰጥ እንደሚያስብ የሚናገረው ቃል። «ይህን ቃል ይዤ ስድስት ወር ሙሉ ጸለይኩ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። እግዚአብሔር ረስቶኝ ይሆን?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፣ አሁንም በሰማሁት ቁጥር ያመኛል። እግዚአብሔር አልረሳትም። ቃሉን ቆርጦ የሰጣት ሰው ነው ያደከማት። የጥናት ቡድን ስመራ ዓመታት አልፈዋል፤ ተመሳሳይ ስህተቶች ሲደጋገሙ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሁሉ የከፋው ጥቅስን ከቦታው ቦጭቆ ማውጣት ነው። እባካችሁ ይህን እናቁም። ኤርምያስ 29 ደብዳቤ ነው። ነቢዩ ከኢየሩሳሌም ሆኖ፣ ተማርከው ባቢሎን ለወረዱት ሰዎች የላከው። ቁጥር 11 ላይ «ፍጻሜና ተስፋ» ይላል፣ እውነት ነው። አንድ መስመር ብቻ ከፍ በሉና ቁጥር 10ን አንብቡ፤ 70 ዓመት ይላል። ወደ ቁጥር 5 ውጡ፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉ፣ ፍሬውንም ብሉ ይላል። ምዕራፍ 28 ላይ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ፤ ወደ ባቢሎን የተወሰደው ሁሉ በ2 ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብሎ ለሕዝቡ የተናገረ። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው ይህን እንደነበር መገመት አይከብድም። ኤርምያስ የጻፈው ግን ሌላ ነው፦ ትቆያላችሁ፣ በምትቆዩበትም ቦታ አልተዋችሁም። ደብዳቤው ሲነበብ በእድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች አገራቸውን ዳግም ሳያዩ አልፈዋል፤ ተስፋው ግን የእነሱም ነበር። ይህን ሁሉ አውጥተን አንዱን መስመር ብቻ ስንሰጣት፣ ያቺ እህት የሐናንያን 2 ዓመት በኤርምያስ ስም ነው የተቀበለችው።

ፊልጵስዩስ 4፥19ም እንዲሁ ተቦጭቋል። «አምላኬ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ይሞላባችኋል» የሚለውን የማያውቅ አማኝ የለም። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ ግን እስረኛ ነበር። የጻፈላቸው ሰዎች ደግሞ በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ልከውለት እያመሰገናቸው ነው። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ የመቄዶንያ ቤተ ክርስቲያናት በድህነታቸው መካከል እንደሰጡ ይናገራል፤ ፊልጵስዩስም መቄዶንያ ውስጥ ናት። እንግዲህ ይህ ቃል የተነገረው ካላቸው ትንሽ ላይ ቀንሰው ለሰጡ ሰዎች ነው። ከዚያ በፊት ቁጥር 12 ላይ መጥገብንም መራብንም ተምሬአለሁ ይላል። ተምሬአለሁ! ጳውሎስ እንኳ የተማረው ነገር ነው። «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ቁጥር 13 የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ርሃብንም ጥጋብንም መቻል ማለቱ ነው። ለፈተና፣ ለውድድር፣ ለንግድ እያልን በየቦታው ስንለጥፈው ኃይሉን ነው የምናሳጣው።

ሰይጣንም እኮ በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ጌታን ሲፈትነው መዝሙር ጠቅሷል። ጥቅስ መጥቀስ ብቻውን ቃሉን መያዝ አይደለም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ማን ለማን ተናገረው? እነሱ በምን ሁኔታ ውስጥ ነበሩ? ይህን ካወቃችሁ በኋላ ጥቅሱን በቃላችሁ ያዙ፣ ግድግዳ ላይም ስቀሉት።

ቀጥሎ ያለውን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ሲቸግረኝ ብቻ ማንበብ። አንድ ጊዜ ሥራዬን አጣሁ። የቤት ኪራይ ደረሰ፣ እጄ ላይ ምንም የለም። መጽሐፍ ቅዱሴን እገልጥና ስለ ገንዘብ፣ ስለ በረከት፣ ስለ መትረፍረፍ የሚናገር ቁጥር ብቻ እፈልጋለሁ። ሳገኝ አሰምርበታለሁ፣ እጸልያለሁ፣ በማግስቱ ሌላ እፈልጋለሁ። ሳምንታት እንዲህ አለፉ፤ ሰላሜ ግን እየቀነሰ ሄደ። አንድ ማታ መፈለጉ ራሱ ሰለቸኝና ዘጸአት 16ን ዝም ብዬ ከመጀመሪያው አነበብኩት። መናው የሚወርደው በየጠዋቱ ነው። ለነገ ብለው ያስቀመጡት ተላ፣ ሸተተ። በስድስተኛው ቀን ለሰንበት የተቀመጠው ብቻ አልተበላሸም፤ እሱም እግዚአብሔር ስላዘዘ። ያን ማታ ስጸልይ ምን እየለመንኩ እንደከረምኩ ገባኝ። የዓመት ስንቅ በአንድ ጊዜ እንዲሰጠኝ ነበር የምፈልገው፣ ከዚያ በኋላ እሱን መጠየቅ እንዳያስፈልገኝ። ጌታ ያስተማረን ጸሎት ግን «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» የሚል ነው። ቋሚ ሥራ ያገኘሁት ከወራት በኋላ ነው። እስከዚያ የአንድ ሳምንት ሥራ፣ የሁለት ቀን ሥራ፣ ሳልጠይቀው ያበደረኝ ወዳጅ። የጎደለ ነገር ብዙ ነበር፣ ያልተበላበት ቀን ግን አልነበረም።

ሌላው፣ እግዚአብሔር የሚሰጥበትን መንገድ እግዚአብሔር ማድረግ። ኤልያስን ተመልከቱ። በኮራት ፈፋ ቁራዎች ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር። ከዚያ ፈፋው ደረቀ። ኤልያስ አልበደለም፣ እምነቱም አልጎደለም፤ ያለበት ቦታም እግዚአብሔር ራሱ ሂድ ያለው ቦታ ነው። ዝናብ ስላልነበረ ደረቀ፣ በቃ። ቀጣዩ ምግብ የመጣው ደግሞ ሰራፕታ ካለች መበለት ቤት ነው፤ እሷም የቀራትን እፍኝ ዱቄት ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት ነበር። ለነቢይ መጋቢ አድርጎ እሷን የሚመርጥ ማን ነው? ደመወዙ ሲቋረጥ፣ የሚረዳው ዘመድ ሲሞት «እግዚአብሔር ተወኝ» የሚል ሰው ሳገኝ 1ኛ ነገሥት 17ን አብረን እናነባለን። የደረቀው ፈፋው ነው።

ሳይሠሩ መጠበቅ እምነት አይደለም፤ 2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10ን አንብቡት። ግን አደራ፣ እዚያ አይብላ የተባለው «ሊሠራ የማይወድ» ነው። ሥራ አጥቶ የሚንከራተተውን ወንድማችሁን በዚህ ጥቅስ አትምቱት።

የተቸገረን ሰው «አይዞህ፣ ጌታ ያዘጋጃል» ብሎ መሸኘትም አለ። በዚህ እቆጣለሁ። ያዕቆብ 2፥16 በቀጥታ የተናገረው ስለዚህ ነው። ምናልባት ጌታ ያዘጋጀው እናንተን ይሆናል።

ጀማሪዎችን በጣም የሚጥላቸው ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ የንባብ እቅድ ነው። በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ 1189 ምዕራፎች አሉ፤ በዓመት ለመጨረስ በቀን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ምዕራፍ ይጠይቃል። ዘፍጥረት ላይ ሁሉም ደስ ብሎት ይሮጣል። ዘሌዋውያን ሲደርስ ይዘገያል፣ ያላነበበው ይከመርበታል፣ ያፍራል፣ ይተዋል። ወዳጄ፣ ያመለጠህን ቀን ተወውና የዛሬውን አንብብ። መና የትናንቱ አይለቀምም። ዘሌዋውያንንም ቢሆን ቀስ ብለህ ብታነበው 19፥9 ላይ አጫጆች የእርሻቸውን ዳር ለድሃው እንዲተዉ የሚያዝ ሕግ ታገኛለህ፤ ሩት በቦዔዝ እርሻ ላይ የቃረመችው በዚህ ሕግ ነው። አቅርቦቷ እሷ ሳትወለድ ተጽፎ ነበር።

ጠዋት ጭንቀታቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ልመና ለሚገቡ ደግሞ የጆርጅ ሙለርን ልምድ እነግራቸዋለሁ። ይህ ሰው እንግሊዝ ውስጥ በብሪስቶል ከ10 ሺህ በላይ ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደገ ነው፤ ለልጆቹ ገንዘብ ስጡኝ ብሎ ሰው አልለመነም፣ የሚገባውን ግን በጥንቃቄ ይመዘግብ ነበር። እሱም ለዓመታት ጠዋት ተነስቶ ወዲያው ይጸልይ ነበር፤ አሳቡ ግን እየባከነ ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ1841 ነገሩን ለወጠው። መጀመሪያ ቃሉን አንብቦ ያሰላስላል፣ ጸሎቱ ከዚያ ይፈልቃል። እኔም ሞክሬዋለሁ። በንባብ ስጀምር ልመናዬ ራሱ ይለወጣል።

የመጨረሻው አለመጻፍ ነው። ማርቆስ 8 ላይ ደቀ መዛሙርቱ በታንኳ ውስጥ አንድ እንጀራ ብቻ ስለያዙ ይነጋገራሉ። ጌታ ለ5 ሺህ ሰው በቆረስኩ ጊዜ ስንት መሶብ አነሣችሁ አላቸው፤ 12 አሉ። ለ4 ሺህስ? 7 አሉ። ሁለቱንም በትክክል መለሱ፣ ግን አሁንም ስለ እንጀራ ይጨነቃሉ። እኛ ቁጥሩንም እንረሳለን። ስለዚህ ደብተር ያዙ። በአንድ በኩል የለመናችሁትንና ያነበባችሁትን ምዕራፍ ከነቀኑ፣ በሌላ በኩል የሆነውን ጻፉ። ያልሆነውንም ጻፉት፣ አትደብቁት።

ከዚያች እህት ጋር በማግስቱ ተቀምጠን ኤርምያስ 29ን ከቁጥር 1 ጀምረን አነበብን። ቁጥር 7 ላይ ስትደርስ ቆመች። ተማርካችሁ ለሄዳችሁባት ከተማ ሰላምን ፈልጉ፣ ስለ እሷም ጸልዩ የሚለው ነው። ሁለት ጊዜ ደገመችው። «ያለሁበትን ቦታ ሳማርረው ነው የከረምኩት። ጸልዬለት አላውቅም» አለች። ከቦርሳዋ ደብተር አወጣችና ቀኑን ጻፈች።