ቅሬታችሁ ኮሪደር ላይ እንዳይቀር፦ በዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር በደል ሲደርስ ምን ይደረጋል

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውጤት ይጠፋል፣ ትራንስክሪፕት ይዘገያል፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና» ይባላል። ከበደሉ ይልቅ ተማሪውን የሚጎዳው አቤቱታውን ወራት ሙሉ በቃል ብቻ ማቅረቡ ነው። መዝገብ ቤት ያልገባ ቅሬታ መቼ እንደቀረበና ማን እንደተቀበለው የሚያሳይ ነገር የለውም። ሴሚስተሩ ሲያልፍ «ለምን በጊዜው አላመለከትክም?» የሚለው ጥያቄ ተገልብጦ ወደ ተማሪው ይመጣል።

ከምንም በፊት ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ። ውጤት የሚሰጠው መምህሩ ነው፣ የሚያየውና የሚያጸድቀው ትምህርት ክፍሉ ነው፣ ሬጅስትራር የመጣለትን ይመዘግባል። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ቆሞ «ውጤቴን አስተካክሉልኝ» ማለት ልፋት ብቻ ነው። ግሬድ ሪፖርት ላይ «ኤንጂ» (ኖ ግሬድ፣ ውጤት የለም ማለት ነው) ከወጣ ሁለት መነሻ ሊኖረው ይችላል፦ መምህሩ ውጤት አላስገባም፣ ወይም ስማችሁ በኮርሱ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሁለተኛው የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ የአድ (ኮርስ መጨመሪያ) ቅጽ ሳይደርስ ሲቀር ወይም ሴክሽን ሲቀየር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምዝገባ ስሊፓችሁን ይዛችሁ ስማችሁ በዝርዝሩ መኖሩን አጣሩ። ከሌለ ጉዳዩ የሬጅስትራር ነው። ካለ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂዱና የግሬድ ሺቱን ቅጂ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ።

ውጤቱ ወጥቶ ትክክል አይደለም ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ የማመልከቻ ጊዜው በጣም አጭር ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት ከተለጠፈ በኋላ በቀናት የሚቆጠር ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከአካዳሚክ ካላንደሩና ከሴኔት ሌጂስሌሽኑ (የዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ) ላይ እዩ። ቅሬታ ከመጻፋችሁ በፊት የፈተና ወረቀታችሁን ለማየት ጠይቁ፤ ከዚያ ኩዊዝ፣ ሚድ፣ አሳይመንትና ፋይናል በየተራ ደምሩ። ብዙው ስህተት የድምር ነው፣ አልያም አንድ አሳይመንት ሳይገባ ቀርቷል። እንዲህ ያለው መምህሩ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና ዲኑ በሚፈርሙበት የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ያልቃል። ክርክሩ በእርማቱ ላይ ከሆነ ግን ወረቀቱ በሌላ መምህር ወይም በኮሚቴ እንደገና እንዲታረም መጠየቅ አለባችሁ። ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ፤ በድጋሚ እርማት ውጤት ሊቀንስም ይችላል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። አንድ ገጽ፣ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ጥያቄ። የውጤት ቅሬታ፣ የዶርም ችግርና የጸሐፊዋ ስድብ በአንድ ወረቀት ከተጻፉ ኃላፊው ቀላሉን መርጦ ይመልስና ፋይሉን ይዘጋል። ቅርጹ ይህን ይመስላል፦

ቀን፦ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር)
ለ… ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ጉዳዩ፦ በ… ኮርስ ያልገባ ውጤት እንዲገባልኝ ስለመጠየቅ
እኔ አመልካች፣ መታወቂያ ቁጥር…፣ በ… ዓ.ም. … ሴሚስተር ከላይ የተጠቀሰውን ኮርስ ተመዝግቤ ተምሬያለሁ፣ በ… ቀን የማጠቃለያ ፈተና ወስጃለሁ። ሆኖም በግሬድ ሪፖርቴ ላይ ውጤት አልተሞላም። የምዝገባ ስሊፕ 1 ገጽ አያይዤ፣ ውጤቴ እንዲገባልኝና የሚሰጠው ምላሽ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ከሠላምታ ጋር፣ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ
ግልባጭ፦ ለ… ኮሌጅ ዲን

«ሥነ ምግባር የጎደለው»፣ «በጥላቻ ተነሳስቶ» የሚሉ ቃላት አያስፈልጉም፤ ኃላፊው ነገሩን የጠብ ጉዳይ አድርጎ እንዲያየው በር ይከፍታሉ። ሠራተኛ ከሰደበ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቢሮ ቁጥሩን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ፣ እዚያው የነበረ ሰው ካለም ስሙን ጻፉ። ግልባጩ አንድ ደረጃ ከፍ ላለው ብቻ ይሁን። ለሚኒስቴሩ፣ ለፕሬዝዳንቱና ለመገናኛ ብዙኃን በአንድ ቀን የተበተነ ደብዳቤ ሁሉም ሌላው ይመልሰዋል ብሎ ስለሚያስብ ማንም አይመልሰውም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትሙ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግላችሁ። ከዚህ በኋላ በሄዳችሁበት ሁሉ የምትጠሩት ይህን ቁጥር ነው። «ኃላፊው ካልመራበት አንቀበልም» ሊሏችሁ ይችላሉ። ያኔ ለጸሐፊዋ ሰጥታችሁ በእናንተ ቅጂ ላይ ስሟን፣ ቀኑንና ፊርማዋን እንድታሰፍር ጠይቁ። እሱም ካልሆነ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ ደብዳቤ) ላኩት፤ ደረሰኙ ማስረጃ ይሆናል።

ብዙ ቢሮዎች ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ደቂቃ ወይም ቀን እንደሚሰጥ ተዘርዝሯል። ፎቶ አንሱት። ጊዜው ሲያልፍ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የገቢ ቁጥርና የቻርተሩን ቀን ጠቅሳችሁ የማስታወሻ ደብዳቤ ጻፉ። ያም ዝም ከተባለ ወደ ዲኑ፣ ከዚያ ወደ ቅሬታ ሰሚው ወይም ወደ አካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዝዳንት፣ ከዚያ ወደ ፕሬዝዳንቱ። ደረጃ አትዝለሉ፤ ከላይ የገባ ደብዳቤ «ተመልከቱት» ተብሎ ወደዚያው ትምህርት ክፍል ይመራል፣ ቀናትም ይባክናሉ። ምላሹ «አይቻልም» ከሆነ በጽሑፍ ከነምክንያቱ ጠይቁ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጡ ያዛል፤ አዋጁን በደብዳቤ ላይ መጥቀስ ይጠቅማል።

መምህር ወይም ሠራተኛ ለውጤት ብሎ ገንዘብ ወይም ወሲብ ከጠየቀ መንገዱ ሌላ ነው። ይህ የአገልግሎት ጉድለት አይደለም፤ ወንጀል ነው። ከላይ ያለውን መሰላል አትከተሉ፤ ትምህርት ክፍሉ ከሰውየው ጋር አንድ ቢሮ የሚጋራ ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት፣ ለገንዘቡ ደግሞ ወደ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍሉ፣ ካስፈለገም ወደ ፖሊስ ሂዱ። የቴሌግራም መልእክቱን አታጥፉ፣ ሰውየውንም ብሎክ ለማድረግ አትቸኩሉ። ስክሪንሾት ስታነሱ ስልክ ቁጥሩ ወይም የአካውንቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ አብረው ይታዩ፤ የተቆራረጠ ምስል በቀላሉ ይካዳል። መልእክቱ ያለበትን ስልክ ራሱን አቆዩት። ቢሮዬ ነይ የሚል ጥሪ ከመጣ ከጓደኛ ጋር ሂዱ ወይም ጉዳዩ በጽሑፍ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። በማመልከቻው ላይ ደግሞ ምርመራው እስኪያልቅ ወረቀታችሁን ሌላ መምህር እንዲያርም ጠይቁ፤ ይህ ካልተጠየቀ ተከሳሹ ራሱ ውጤት ሲሰጥ ይገኛል። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሩንም እወቁ።

ትራንስክሪፕት ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች አንዱ ያልተከፈለ የወጪ መጋራት ዕዳ (ተመራቂው ለመንግሥት የሚመልሰው የትምህርት ወጪ) ነው። አሠሪያችሁ ከደመወዝ ቆርጦ ከሆነ የደመወዝ ወረቀቶቹን ሰብስቡ፤ የተቆረጠው በትክክለኛው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካልገባ ገቢዎች ላይ አይታይም። ውጭ አገር ያላችሁ ውክልና ስትሰጡ «ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንዲጠይቅልኝና እንዲረከብልኝ» የሚል ቃል በግልጽ ይግባበት፣ በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ይረጋገጥ። የእንግሊዝኛ ስማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ ሰነዱ ከመታሸጉ በፊት አስተካክሉ። የታሸገውን ፖስታ አትክፈቱ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሁሉም በር ከተዘጋ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፣ በወኪል ማቅረብም ይቻላል። የአስተዳደር በደልን መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የፈተና ወረቀት አያርምም፤ ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አያይም። የሚጠይቃችሁ እነዚያን ማኅተም ያለባቸውን ቅጂዎች ነው፤ በቀን ቅደም ተከተል አያይዟቸው። የግል ኮሌጅ ተማሪ ከሆናችሁ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አመልክቱ።

ውጤቱ ተስተካክሏል ሲባሉ ብዙዎች ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። አዲስ ግሬድ ሪፖርት አውጡና የኮርሱ ውጤት ብቻ ሳይሆን የሴሚስተሩ አማካይ (ጂፒኤ) እና አጠቃላይ አማካዩ (ሲጂፒኤ) እንደገና መሰላታቸውን በራሳችሁ ካልኩሌተር አረጋግጡ። ውጤቱ ተቀይሮ አማካዩ ሳይነካ የሚቀርበት አጋጣሚ አለ፤ የሚታወቀውም የምረቃ ስም ዝርዝር ሲወጣ ነው።