ዋይፋዩ ሳሎን አለ፣ መኝታ ቤት የለም

የድሮ ቤት ግድግዳ ደግ ነው፤ የጎረቤት ወሬ አያሳልፍም። ዋይፋይም አያሳልፍም። በዚያ ላይ ቤቱ የኪራይ ነው፤ ድሪል ይዛችሁ ብትነሱ ከአከራይ ጋር መጣላት ነው። ደግነቱ አብዛኛው ችግር ያለ ድሪል ይፈታል።

የትም ክፍል ብትሄዱ ይጎተታል?

ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ ፍጥነቱን ለኩ። እዚያም ከተጎተተ ግድግዳው ነፃ ነው። ላፕቶፕ በኬብል ሰክታችሁ ድገሙት። አሁንም ያው ከሆነ ችግሩ የሚገባው ኢንተርኔት ወይም ራውተሩ ራሱ ነው።

ሳሎን ይፈጥናል፣ መኝታ ቤት ይጠፋል?

ድንጋይና ጡብ ሲግናል ይበላሉ። ልስኑ ውስጥ የሽቦ መረብ ካለማ ጭራሽ ነው። ትልቅ መስታወትም ጀርባው ብረት የተቀባ ስለሆነ ይመልሰዋል። እኔ ራውተሬን ቲቪ ጀርባ፣ ወለል ላይ ወሽቄው ወራት ኖሬያለሁ። በኋላ ረዘም ያለ ኬብል ገዝቼ ኮሪደሩን የሚያይ መደርደሪያ ላይ፣ ከደረት ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። መኝታ ቤት አንድ መስመር ብቻ የነበረው ሲግናል ሦስት ሆነ። ወፍራም ግድግዳ ከሚበሳ በተከፈተ በር ቢያልፍ ይቀለዋላ! አንቴና ካለው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ሲግናሉ በብዛት የሚወጣው ከጫፉ ሳይሆን ከጎኑ ነው። ቤቱ ፎቅ ካለው አንዱን አንቴና አጋድሙት።

ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ቪዲዮው ግን ይሽከረከራል?

ብዙ ራውተር በሁለት ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ያሰራጫል፤ 5 ጊጋኸርዝ እና 2.4 ጊጋኸርዝ። 5 ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ይፈራል። 2.4 የተሻለ ያልፋል፤ ግን የጎረቤት ራውተርም ማይክሮዌቭም የሚጋፋበት ነው። የራውተሩ ሴቲንግ ገብታችሁ ለሁለቱ የተለያየ ስም ስጧቸው፤ ለራቀው ክፍል 2.4ን ምረጡ። የ2.4ን ቻናል (በባንዱ ውስጥ የሚሠራበትን መስመር) ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ጭር ያለው ላይ አድርጉት፤ ሦስቱ እርስ በርስ አይነካኩም።

ጥግ ያለው ክፍል አሁንም እምቢ አለ?

ሪፒተር የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሲግናል የሌለበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። ሪፒተር የሰማውን ነው የሚደግመው፤ ካልሰማ ምን ይበል? መሀል መንገድ ላይ፣ ሲግናሉ ገና ደህና የሆነበት ቦታ ሰኩት። በአንድ ባንድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ የፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበላል።

እኔ ግን ኬብል እመርጣለሁ። ጠፍጣፋው ዓይነት በዞኮሎው ጥግ ተለጥፎ በበር ሥር ያልፋል። ጫፉ ላይ አሮጌ ራውተር በላን ቀዳዳው (LAN የሚል የተጻፈበት) ሰኩና አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ አድርጉት። የአሮጌውን ራውተር ዲኤችሲፒ (ለስልክና ለላፕቶፕ የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለውን) ማጥፋት አትርሱ፤ አለበለዚያ ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ እናድል እያሉ ይጋጫሉ። ቤቱን ስትለቁ ኬብሉን ጠቅልሎ መሄድ ነው።