ከስልኩ በፊት ደብተሩ፦ በራስ ማሰብን ለሚለማመድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ከቂሊንጦና ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮተቤ ባሉ ዶርሞችና የኪራይ ክፍሎች አሳይመንት የሚሠራበት መንገድ ተመሳስሏል። መምህሩ ጥያቄ ይሰጣል፤ ተማሪው ጥያቄውን እንዳለ ኮፒ አድርጎ ለቻትጂፒቲ ይልካል፤ የመጣውን አንብቦ፣ ትንሽ ነካክቶ ያስገባል። እኛ ማሽኑን አትንኩ አንልም። ጉዳቱ የሚመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። የተዘጋጀ መልስ ቀድሞ ያነበበ ሰው ከዚያ ውጭ ሌላ መልስ ማሰብ በጣም ይቸግረዋል፤ ሐሳቡ ባየው ነገር ዙሪያ ይሽከረከራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የራስን ግምት በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ቀጥሎ ማሽኑን መጠየቅ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም በሌላ ማስረጃ መመርመር።

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ስለሸመደደ ብቻ ባለቅኔ አይባልም። ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። እርማቱ የሚጠቅመው የሚታረም ነገር ይዞ ለመጣ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ የእጅ ወይም የግድግዳ ሰዓት። ሰዓቱን ከስልክ ላይ አትዩ፤ ሰዓት ለማየት የተከፈተ ስልክ ቴሌግራም ላይ ያድራል። ስልኩን አጥፍታችሁ ሌላ ክፍል ወይም ከቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጡት። መብራት የሚጠፋበት ምሽት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ አንድ ሻማ ይበቃል።

ደብተሩን ስትገልጡ ፊት ለፊት የሚታዩትን ሁለት ገጾች ለአንድ ጥያቄ መድቡ። የግራው ገጽ የእናንተ ነው፤ በሰማያዊ ይጻፋል። የቀኙ ከማሽኑ፣ ከመጽሐፍ ወይም ከሰው ያገኛችሁት ነው፤ በቀይ ይጻፋል። ከቀኙ ገጽ ግርጌ አምስት መስመር ባዶ ተዉ። ቀለሙን መለየት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስትገልጡ የትኛው ሐሳብ የራሳችሁ እንደነበረ በሌላ መንገድ ማወቅ አትችሉም።

የመጀመሪያዎቹ 25 ደቂቃዎች

5 ደቂቃ፦ ጥያቄውን በራሳችሁ አማርኛ፣ ወይም አፍ በፈታችሁበት ቋንቋ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ቮልቴጅ፣ ኢንፍሌሽን፣ ስትረስ የመሳሰሉ የሙያ ቃላት እንዳሉ ይቀመጡ። ለታናሽ እህታችሁ ልትነግሯት የማትችሉት ጥያቄ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። ብዙ ተማሪ ተሳስቶ የሚገኘው መልሱ ላይ ሳይሆን እዚሁ ላይ ነው።

12 ደቂቃ፦ ግምታችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ። «አላውቅም» መጻፍ ክልክል ነው። ቁጥር ከሆነ ቁጥር፣ ምክንያት ከሆነ ቢያንስ ሁለት ምክንያት።

5 ደቂቃ፦ «ምን ባገኝ ይህን ሐሳቤን እተዋለሁ?» ለሚለው መልስ ስጡ። ሐሳባችሁን ሊያፈርስ የሚችል ነገር ጨርሶ ካልታያችሁ፣ የያዛችሁት ሐሳብ ሳይሆን ወገንተኝነት ሊሆን ይችላል።

3 ደቂቃ፦ ምን ያህል እንደምትተማመኑበት ከ10 ነጥብ ስጡና ቀኑን ጻፉ።

በምሳሌ እንየው። ጥያቄው፦ ኮዬ ፈጬ አካባቢ አሥር ተከራይ ያለበት ግቢ አለ፤ ውሃ ሲጠፋ 2,000 ሊትር የሚይዘው ሮቶ ስንት ቀን ያቆያቸዋል? አንድ ሰው በቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃዋል ብላችሁ ከገመታችሁ 40 ሊትር ይሆናል፤ ለአሥር ሰው 400፤ ሮቶው 5 ቀን ያቆያል። ማሽኑ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን መለኪያ፣ ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር የሚለውን፣ ሊያመጣላችሁ ይችላል። በዚያ ከተሰላ ውሃው ከ2 እስከ 4 ቀን ብቻ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። ዓለም አቀፉ ቁጥር ለሰው የሚያስፈልገውን ውሃ ይነግራል፤ የእናንተ ግምት ውሃ ነገ እንደማይመጣ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል ቆጥቦ እንደሚጠቀም ይነግራል። ቀድማችሁ ባትገምቱ ኖሮ ይህ ልዩነት አይታያችሁም ነበር፤ «ከ2 እስከ 4 ቀን» ብላችሁ ጽፋችሁ ታልፉ ነበር። ማረጋገጫውም ሩቅ አይደለም፤ ሮቶው አጠገብ ወረቀት ለጥፎ፣ የቀዳ ሁሉ በየጀሪካኑ አንድ ጭረት እንዲጭር አድርጎ፣ ለሦስት ቀን መቁጠር ነው።

ማሽኑን መጠየቅ

ስልኩ አሁን ይከፈት። የምትጠይቁት ነገር ምን እንደሆነ ግን እወቁ። ቻትጂፒቲን የመሰለ የቋንቋ ሞዴል እጅግ ብዙ ጽሑፍ ላይ ሠልጥኖ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የቃል ቁራጭ የሚተነብይ ፕሮግራም ነው። እውነቱን ከሐሰቱ ለይቶ የያዘ መዝገብ በውስጡ የለም። ስለዚህ የማያውቀውን ሲጠየቅ ዝም ከማለት ይልቅ እውነት የሚመስል ዓረፍተ ነገር ማውጣት ይቀናዋል። ዋቢ ስጠኝ ስትሉት የደራሲ ስም፣ ዓመት፣ የመጽሔት ቅጽና ገጽ አሟልቶ፣ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት የሌለ ጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይችላል። በአማርኛ ሲሆን ስህተቱ ይበዛል፤ የሠለጠነበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነውና።

አጠያየቁ ላይ ሦስት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ ግምታችሁን ቀድማችሁ አትንገሩት። «መልሱ 5 ቀን ነው አይደል?» ካላችሁት ወደ እናንተ ያዘነብላል። ሁለተኛ፣ አንዱን ሐሳብ በሁለት የተለያዩ አዳዲስ ቻቶች ጠይቁ፤ በአንዱ «ይህ ለምን ትክክል ነው?»፣ በሌላው «ይህ ለምን ስህተት ነው?» በሉ። ለሁለቱም እኩል አሳማኝ መልስ ከሰጠ፣ አንደበተ ርቱዕነቱ ማስረጃ እንዳልሆነ በዓይናችሁ አያችሁ። ሦስተኛና ከሁሉ የሚጠቅመው፣ ጠያቂ አድርጉት፦ «መልሱን አትንገረኝ። ሐሳቤን አንብብና ደካማውን ቦታ የሚያጋልጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀኝ፤ ስመልስልህ ቀጣዩን ትጠይቃለህ።» እንዲህ አምስት ዙር ብትሄዱ የግራው ገጽ በሰማያዊ እርማት ይሞላል። ጥሩ ምልክት ነው፤ አትቅደዱት፣ አታጽዱት።

ማጣራት

ማሽኑ አገራችንን በሚመለከት የት እንደሚንሸራተት ለማየት የዘመን አቆጣጠር ጥሩ መፈተኛ ነው። «መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆች መቼ ነው?» በሉት። ሴፕቴምበር 11 ካለ ተሳስቷል። በእጃችሁ አረጋግጡ፦ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ 2015 ላይ 5,500 ደምሩ፤ 7,515 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ እንቁጣጣሽ አንድ ቀን ተገፍታ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ዋለች። ይህን ስሌት በልጅነቱ ከአያቱ የሰማ ተማሪ ማሽኑን የሚያርምበት እውቀት በእጁ አለ።

የሕዝብ ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ማሽኑ የኢትዮጵያን ሕዝብ ብዛት በልበ ሙሉነት ሲነግራችሁ «ማን ቆጥሮ?» በሉ። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን 73.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ተቆጥሯል። ከዚያ በኋላ የምታዩት ቁጥር ሁሉ በስሌት የተገመተ ነው። ግምት መሆኑ አይጥለውም፤ አሳይመንታችሁ ላይ ግን «ይገመታል» የሚለው ቃል መግባት አለበት።

ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሕዳሴ ግድብ የተሻለ መልመጃ ነው። ግድቡ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 45,100 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። በየዓመቱ ይመረታል ተብሎ የሚጠቀሰው ግን 15,700 ገደማ፣ የዚያ ሲሶ ያህል ነው። ሌላው የት ገባ? ማሽኑን ከመጠየቃችሁ በፊት 12 ደቂቃችሁን እዚህ ላይ አውሉት። አባይ ክረምትና በጋ እኩል እንደማይፈስ፣ ተርባይኖቹም ሁሉም ሌት ተቀን በሙሉ ጉልበት እንደማይዞሩ የሚደርስበት ተማሪ የአቅምንና የምርትን ልዩነት ከዚያ በኋላ አይረሳውም።

አንዳንድ ጥያቄ ደግሞ በእግር ካልሄዱ አይጣራም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፤ በመንገዳቸው ላይ ጎመንና ሰላጣ ይለማባቸዋል። «በዚህ ውሃ የለማ አትክልት ይጎዳል ወይ?» ብትሉ ማሽኑ ስለ ከባድ ብረቶች አጠቃላይ ነገር ይነግራችኋል። ገበሬው ውሃውን ከወንዙ በቀጥታ በፓምፕ ይስብ ወይስ ከጉድጓድ፣ ከላዩ ምን ፋብሪካ እንዳለ፣ አትክልቱ ገበያ ከመድረሱ በፊት በምን እንደሚታጠብ ግን አያይም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት በቂ ነው። ሰዎቹን ስትጠይቁ «አባባ»፣ «እማማ» ብላችሁ፣ የመጣችሁበትን በግልጽ ተናግራችሁ ይሁን፤ ፈቃድ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። በዓይን ያያችሁትን በሰማያዊ፣ የነገሯችሁን በቀይ ጻፉ።

ሁሉም ሲያልቅ ከቀኙ ገጽ ግርጌ በተውናቸው አምስት መስመሮች ላይ ምን እንደለወጣችሁና ለምን እንደለወጣችሁ አስፍሩ። ምንም ካልተለወጠም ያንኑ።

በቡድን ሲሆን

አራት ሰው ልክ ነው፤ ከስድስት ካለፈ ሁለቱ ዝም ይላሉ። ቡና ካፈላችሁ ሦስቱን ዙር ተጠቀሙበት። በአቦሉ እያንዳንዱ የግራ ገጹን ያነባል፤ ማንም አያቋርጥም። በቶናው እያንዳንዱ በግራው የተቀመጠውን ጓደኛውን ሐሳብ ለማፍረስ ይሞክራል። በበረካው ሐሳቡን የለወጠ ይናገራል። በመጀመሪያው ዙር ጎበዝ የሚባለው ተማሪ መጨረሻ ያንብብ፤ ቀድሞ ካነበበ የሌሎቹ ሐሳብ ወደ እሱ ይጎተታል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

በ25 ደቂቃው መሃል «አንዴ ብቻ ልየው» ማለት ዋናው ነው። አንዴ ካያችሁ ያን ጥያቄ ተዉትና በሌላ ጀምሩ፤ ማስመሰል አይጠቅምም።

ሁለተኛው ሁሉንም መጠራጠር ነው። መጽሐፉም፣ መምህሩም፣ ማሽኑም ውሸታም ናቸው ብሎ የሚነሳ ተማሪ የሚያጣራበት ጊዜ አይተርፈውም። በአንድ አሳይመንት ውስጥ ድምዳሜውን የሚሸከሙትን ሦስት ነጥቦች ብቻ ምረጡና እነሱን አጣሩ።

ሦስተኛው ከመምህር ጋር ያለው ነገር ነው። ታላቅን መቃወም ነውር ሆኖ ባደግንበት አገር ልዩነትን ማቅረብ ብልሃት ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ ሳይሆን ቢሮ ሄዳችሁ፣ ገጽ ቁጥር ይዛችሁ፦ «መምህር፣ ስላይድ 14 ላይ ያለውን ከመጽሐፉ ጋር ሳነጻጽረው ልዩነት አገኘሁ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ቢያሳዩኝ።» ብዙ መምህራን እንዲህ ያለ ጥያቄ በደስታ ይቀበላሉ።

ለመውጫ ፈተና የምትዘጋጁ፣ በቴሌግራም የሚዞሩትን የቆዩ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ደጋግማችሁ አታንብቡ። መልሱን ሸፍናችሁ ሥሩ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ያነበቡትን እንደገና ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ከማንበብ ይልቅ ሳያዩ ለመጻፍ የሞከሩት 56 በመቶውን አስታውሰዋል። ከቂሊንጦ ወደ መገናኛ በሚወስደው አውቶቡስ ላይ ያን ቀን የተማራችሁትን ስልክ ሳትከፍቱ በልባችሁ ማውጣት ምንም ወጪ የለውም።

ደብተሩን አትጣሉ

አሳይመንት ስታስገቡ ማሽኑን የት እንደተጠቀማችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ፦ «ረቂቁን ራሴ ጽፌ ደካማ ነጥቦቹን ለመፈለግ ቻትጂፒቲን ተጠቅሜያለሁ።» አንዳንድ ጊዜ በራሱ የሠራ ተማሪም «ማሽን ጻፈልህ» ይባላል። የማሽን ጽሑፍ እንለያለን የሚሉ ፕሮግራሞች ይሳሳታሉ፤ የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ እንኳ የራሱን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አቁሞታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ቀን የተጻፈበት፣ የተሰረዘና የታረመ ሰማያዊ ገጽ ይዛችሁ ቢሮ ግቡ። ሴሚስተሩ እስኪዘጋና ግሬድ እስኪወጣ ድረስ ደብተሩ ሻንጣችሁ ውስጥ ይቆይ።