ኮዱ ነፃ ነው፣ ኮዴኩስ? በኤፍኤፍኤምፔግ ለምትሠሩ የፓተንት ችግሮችና መፍትሄዎች

ችግር፦ ኤፍኤፍኤምፔግን (ቪዲዮና ድምፅ የሚያነብና የሚቀይር ነፃ ሶፍትዌር) የያዘ ፓኬጃችሁን ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት አልቀበልም አለ።

ምክንያቱ፦ ኤፍኤፍኤምፔግ ቅንብሩ ሳይነካ ከተገነባ ኤች.264 እና ኤች.265 የተባሉትን ባለፓተንት የቪዲዮ ኮዴኮች (የመጭመቂያ ዘዴዎች) የሚፈቱ ዲኮደሮችን ይዞ ይወጣል። የኮዱ ነፃ ፈቃድ የሆነው ኤልጂፒኤል የጸሐፊዎቹን ፈቃድ ይሰጣል እንጂ የሌላ ባለፓተንትን እጅ አይዝም። አፓቼ 2.0 የተባለው ሌላ ነፃ ፈቃድ ያለው የፓተንት አንቀጽም የሚሸፍነው ኮድ ያበረከቱትን ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ በኮንፊገር (የግንባታ ማዋቀሪያው ስክሪፕት) ላይ «ዲሴብል ኤቭሪቲንግ» ብላችሁ ሁሉንም ዝጉ፤ ከዚያ ነፃ የሚባሉትን ኮዴኮች፣ ለቪዲዮ ቪፒ9ንና ኤቪ1ን፣ ለድምፅ ኦፐስን፣ ቮርቢስንና ፍላክን በስማቸው ክፈቱ። አደገኛውን ብቻ እየለቀማችሁ አትዝጉ፤ በቀጣዩ እትም የተጨመረ ዲኮደር ሳታዩት ይገባል። «ዲሴብል ኤቭሪቲንግ» ዲሙክሰሩን (ከፋይሉ ውስጥ ቪዲዮና ድምፁን የሚለየውን)፣ ፓርሰሩን (ዳታውን ወደ ፍሬሞች የሚከፍለውን) እና ፕሮቶኮሉንም (ዳታውን ከምንጩ የሚያነበውን) ስለሚዘጋ የፋይል ቅርጾቹን ማትሮስካንና ኦግን፣ እንዲሁም «ፋይል» የሚባለውን ፕሮቶኮል መልሳችሁ ክፈቱ። ብዙዎች «ዲኮደሩ እያለ ፋይሉ አልከፈት አለ» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻም የዲኮደሮቹን ዝርዝር አስወጥታችሁ ተመልከቱ። ፌዶራ ባለፓተንቱ ዲኮደር ከሶርስ ኮዱም እንዲወጣ ይፈልጋል፤ ሳይገነባ መቅረቱ ብቻ አይበቃም።

ችግር፦ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ አይጫወትም።

ምክንያቱ፦ አብዛኛው ስልክ የሚቀርጸው በኤች.264 ወይም በኤች.265 ነው፤ ድምፁ ደግሞ ኤኤሲ በተባለው የድምፅ ኮዴክ ነው።

መፍትሄ፦ የስርዓተ ክወናውን ዲኮደር ጥሩ፦ በአንድሮይድ ሚዲያ ኮዴክ፣ በዊንዶውስ ሚዲያ ፋውንዴሽን፣ በማክ ቪዲዮ ቱልቦክስ። ሊኑክስ ላይ ለኤች.264 የሲስኮ ኩባንያ ኮዴክ ኦፕን ኤች264 አለ፤ ግን ሲስኮ የፓተንት ክፍያውን የሚከፍለው ራሱ ገንብቶ ለሚያቀርበው ባይነሪ (ዝግጁ ፕሮግራም) ነው፣ ያውም ከሲስኮ ሰርቨር በቀጥታ ወደ ተጠቃሚው መሣሪያ ሲወርድ። ሶርሱን ራሳችሁ ከገነባችሁ ወይም ባይነሪውን ኢንስቶለራችሁ ውስጥ ከጨመራችሁ ክፍያው አይሸፍናችሁም። ኤኤሲንም አይነካም።

ችግር፦ የግራፊክስ ካርዱ ይችላል፣ ሃርድዌር ዲኮዲንጉ ግን አይሠራም።

ምክንያቱ፦ ፌዶራ በ2022 በፈረንጆች አቆጣጠር ሜሳን (የግራፊክስ ካርድ ድራይቨሮችን የያዘውን ሶፍትዌር) ያለ ኤች.264 እና ኤች.265 መገንባት ጀመረ። መፍትሄ፦ ፕሮግራሙ ሲነሣ በመሣሪያው ላይ ያለውን ዲኮደር ይጠይቅ፤ ካጣ ክራሽ ሳያደርግ ወደ ሌላ ዲኮደር ይዙር።

ችግር፦ ኤምፒ3ም ተቆርጦ ወጣ።

አላስፈላጊ ጥንቃቄ ነው። የኤምፒ3 የፓተንት ፈቃድ ፕሮግራም ሚያዝያ 2017 በፈረንጆች አቆጣጠር ተዘግቷል፤ መልሱት።

ችግር፦ ቪፒ9 እና ኤቪ1 ብቻ ተጠቅማችሁም የፓተንት ጥያቄ መጣ።

ይሆናል። የፓተንት ፈቃድ የሚያስተዳድረው ሲስቬል ኩባንያ በ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር ለሁለቱም የፓተንት ፑል (የብዙ ባለፓተንቶችን ፈቃድ አንድ ላይ የሚሸጥ ስብስብ) ይፋ አድርጓል። ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጉዳዩን ለሁሉም በሚታይ የባግ (የስህተት) መከታተያ ላይ አትከራከሩበት፤ የተጻፈው ሁሉ ነገ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብባችሁ ይችላል። በቀጥታ ለጠበቃ ስጡ።