ሜሪላንድ ውስጥ የሆስፒታል ቢል ሲመጣባችሁ

የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። ሰዎቻችን ቢሉን ሲያዩ ደንግጠው ክሬዲት ካርድ ያወጣሉ፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። እባካችሁ አትቸኩሉ። በካርድ ከከፈላችሁ ሆስፒታሉ ገንዘቡን አገኘ፤ እናንተ ላይ የሚቀረው ወለድ ያለው የባንክ ዕዳ ነው። የሆስፒታል ባለዕዳን የሚጠብቀው ሕግ ደግሞ የባንክ ዕዳ ላይ አይሠራም።

ከመክፈላችሁ በፊት ዝርዝር ቢልና የ"ፋይናንሻል አሲስታንስ" (የክፍያ እርዳታ መጠየቂያ) ፎርም ጠይቁ። በሜሪላንድ የቤተሰባችሁ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ (መንግሥት በቤተሰብ ብዛት ከሚያወጣው የገቢ ልክ) 200 በመቶ ካልበለጠ፣ አስፈላጊ የሆነ የሆስፒታል ሕክምና በነፃ ነው። እስከ 300 በመቶ ደግሞ ቅናሽ አለ። "እኔ ሥራ አለኝ፣ አይመለከተኝም" ብላችሁ አትተዉት። ወረቀት የሌላችሁም አትፍሩ፤ ሆስፒታሉ በኢሚግሬሽን ሁኔታችሁ ምክንያት ሊከለክላችሁ አይችልም። ፎርሙ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የወላጅን ዕዳ መሸከም የልጅ ሥራ አይደለም።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልበል። ሜሪላንድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሆስፒታል ዋጋ የሚወስን የስቴት ኮሚሽን አላት። ኢንሹራንስ ያለውም የሌለውም የሚጠየቀው በዚያው ተመን ነው። የሐኪሙን ክፍያ ግን ኮሚሽኑ አይወስንም። ከድንገተኛ ክፍል ወጥታችሁ ሁለት ቢል የሚመጣባችሁም ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ለብቻው ስለሚያስከፍል ነው። ፎርሙ የሐኪሙንም ቢል ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። ካልሸፈነ ወደ ሐኪሙ ቢሮ ደውሉ።

በየወሩ እንክፈል ካላችሁ፣ ወርሃዊ ክፍያው ከወር ገቢያችሁ (በታክስ ፎርም ላይ "አድጀስትድ ግሮስ ኢንካም" በሚባለው ሲሰላ) 5 በመቶ ማለፍ የለበትም። "ስንት መክፈል ትችላለህ?" ሲሏችሁ ከጭንቀት ብዛት ትልቅ ቁጥር አትጥሩ። ሆስፒታሉ የመጀመሪያው ቢል ከወጣ 180 ቀን ሳይሞላ ሊከሳችሁ አይችልም። ጊዜ አላችሁ።

ዕዳው ኮሌክሽን ከገባ፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ከተላለፈ ደግሞ በስልክ ምንም ቃል አትግቡ። የዕዳው ማስታወቂያ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ፣ ዕዳው የእናንተ መሆኑን እንዲያረጋግጡ ዕዳ ሰብሳቢዎቹን በጽሑፍ ጠይቁ። መልስ እስኪልኩላችሁ ድረስ ገንዘቡን መጠየቅ ማቆም አለባቸው። የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ ግን በፍጹም መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። መልስ ካልሰጣችሁ ሊፈረድባችሁ ይችላል። ሆስፒታሉ እምቢ ካላችሁም የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ የሕክምና ቢል ቅሬታ የሚቀበል ክፍል አለ፤ አቤት በሉ።