ፋንታሲ ወዳጆች ሆይ፣ መጽሐፉን አታስጠሉብን

ለታናሽ እህቴ ሰባት መቶ ገጽ የሚሆን መጽሐፍ አዋስኳት። አስማት ስለሚማሩ ልጆች የሚተርክ ነው። እኔን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ታዲያ ዝም ብዬ አልሰጠኋትም፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰበክኳት። «ከዚህ በኋላ ሌላ መጽሐፍ አያምርሽም» ሁሉ ብያታለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከወር በኋላ ክፍሏ ስገባ መጽሐፉ ራስጌዋ ተቀምጧል። ለዕልባት የከተተችው ቁራጭ ወረቀት ገጽ 41 ላይ ነው።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«አሪፍ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

መጽሐፍ አውሶ የሚያውቅ ሰው ይህቺን «አሪፍ ነው» ያውቃታል። ተወው ማለት ነው። መጀመሪያ በእሷ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን መጽሐፉን ያስጠላኋት እኔው ነኝ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ከልክ በላይ ማሞገስ

ረጅም ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና የፈጠራ ዓለም ያለበት ልብ ወለድ፣ ሲጀመር ዘገምተኛ ነው። አንባቢው አዲስ ዓለም እየተማረ ነው። ማን ንጉሥ ነው፣ አስማቱ በምን ይሠራል፣ ልጁ ለምን ከቤቱ ወጣ፣ ይህን ሁሉ ለማወቅ አንዳንዴ መቶ ገጽ ይፈጃል። እናንተ «በዓለም ላይ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም» ካላችሁት፣ ያ ሰው በየገጹ ተአምሩን ይጠብቃል። ፊቱ ያለውን ጥሩ ነገር አያየውም። ገጽ 41 ላይ ይደክመዋል።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ መናገር ይበቃል። «አንድ ልጅ አለ፤ ችሎታዬን ላሳይ ብሎ መንካት የሌለበትን ነገር ይነካል።» በቃ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ችግሩንም አብራችሁ ንገሩት፦ «መጀመሪያው ይጎተታል፤ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ታገስ።» ይህን የተነገረው ሰው ሲደክመው ቢያንስ የት ድረስ መታገስ እንዳለበት ያውቃል።

በነገራችን ላይ «ስለ ጠንቋይ ልጆች ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። በአማርኛ ጠንቋይ ሲባል የሚመጣው ምስል ሌላ ነው፤ ሰውየው ገና ሳትጨርሱ ፊቱን ያጨማድዳል። «አስማተኛ» በሉ። እኔ ይህንን የተማርኩት በአንዲት አክስቴ ፊት ነው፤ ዝርዝሩ ይቅር።

ሳያውቁ መጨረሻውን መናገር

በእኔ ግምት ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። «እኔ ስፖይል አላደርግም» የሚሉትም ያደርጉታል። ብዙ ሰው ስፖይለር ማለት የሚሞተውን ሰው ስም መጥራት ብቻ ይመስለዋል። «ማን እንደሚሞት አልነግርህም» ማለትስ? ሰው እንደሚሞት ነገርከው እኮ! «መጨረሻው ያስደነግጣል» ከተባለ አንባቢው መደንገጡን ይጠብቃል። እየጠበቀ የሚደነግጥ ሰው ደግሞ የለም።

ከሁሉ የከፋው ፈገግታው ነው። ጓደኛችሁ «ያንን መምህር ወድጄዋለሁ» ይላችኋል። እናንተ ምንም ሳትሉ ከንፈራችሁን ነከስ አድርጋችሁ «እሺ... ቀጥል» ትላላችሁ። አለቀ። ያ ሰው ከዚያ ወዲያ መምህሩን የሚያነበው በጥርጣሬ ነው። «ምዕራፍ 30 ላይ ስትደርስ ደውልልኝ» ማለትም እንደዚያው ነው። ከምዕራፍ 12 እስከ 29 ያለው ሁሉ የአውቶቡስ መጠበቂያ ሆነ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በሐምሌ 2005 ስድስተኛው የ«ሃሪ ፖተር» መጽሐፍ በእኩለ ሌሊት ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ለመግዛት በተሰለፈ ሰው ላይ የታሪኩን ዋና ምስጢር የጮኹ ነበሩ። እነዚያ ሆን ብለው ለክፋት ነው። እኛ ለፍቅር ነው። የአንባቢው ኪሳራ ግን ያው ነው።

ራሳችሁንም ጠብቁ። የገፀ ባሕርይ ስም ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ። ገና ስሙን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ፍለጋው «...እንዴት ሞተ» ብሎ ይሞላላችኋል። የሦስተኛውን ቅጽ የጀርባ ሽፋንም አንደኛውን ሳትጨርሱ አታንብቡ። ሁለቱን መጻሕፍት በአራት መስመር ጠቅልሎ ነው የሚነግራችሁ።

በተሳሳተ ቅደም ተከተል መጀመር

ናርንያ ስለምትባል የፈጠራ ምድር የሚተርኩት የሲ ኤስ ሉዊስ መጻሕፍት ሰባት ናቸው። መጀመሪያ የታተመው ስለ አንበሳው፣ ስለ ጠንቋይዋና ስለ ቁም ሳጥኑ የሚተርከው ነው፤ በ1950። «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ልንለው የምንችለው በ1955 ስድስተኛ ሆኖ ወጣ። ታሪኩ ግን ከሁሉም በፊት የሆነ ነው። ስለዚህ ዛሬ በብዙ እትሞች ላይ «1» የሚል ቁጥር ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ።

በ1950ው መጽሐፍ አንዲት ልጅ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ በረዶ የሞላበት ጫካ ላይ ትወጣለች። ዛፎቹ መሀል የመንገድ መብራት ቆሟል። መንገድ የለም፤ ቤት የለም፤ መብራቱ ግን በርቷል። ማን ተከለው? አንባቢው ይህን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። መልሱ የሚገኘው በ1955ቱ ነው። ከ«1» የጀመረ ሰው ጥያቄው ሳይመጣበት መልሱን ያገኛል፤ ጫካው ጋ ሲደርስ «አዎ፣ ያ መብራት» ብሎ ያልፋል።

ሉዊስ ራሱ ለአንድ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ በታሪኩ የጊዜ ቅደም ተከተል ማንበቡን ደግፏል። ከይቅርታ ጋር በዚህ አልስማማም። ለሌሎች ተከታታዮችም ደንቤ አንድ ነው፦ መጀመሪያ በታተመበት ተራ፣ ሁለተኛ ጊዜ እንደፈለጋችሁ።

«የልጆች ነው»፣ «ኮርጆ ነው»

እነዚህን ሁለት አረፍተ ነገሮች የሚናገረው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ አብረን እንያቸው።

በ1960ዎቹ አንድ አሳታሚ ኡርሱላ ለጊንን ከፍ ላሉ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ እንድትጽፍለት ጠየቃት። እሷም አሰበች። በተረቱ ሁሉ አስማተኛው ሽማግሌ ነው፤ ነጭ ጺም፣ በትር፣ ምክር። ግን እነዚህ ሰዎች በአንድ ወቅት ወጣት አልነበሩም እንዴ? ያን ሁሉ ከየት ተማሩት? ከዚህ ጥያቄ በ1968 «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ተወለደ። ውስጡ ሮክ የምትባል ደሴት አለች፤ በደሴቷ ላይ የአስማት ትምህርት ቤት። አስማቱ የነገሮችን እውነተኛ ስም በማወቅ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ስም በመሸምደድ ይሰቃያሉ፤ ተማሪ የነበረ ሁሉ ይገባዋል።

በ1974 ደግሞ ጂል መርፊ ሁሉ ነገር ስለሚበላሽባት የአስማት ተማሪ ልጅ ጻፈች። የመጀመሪያው «ሃሪ ፖተር» የወጣው በ1997 ነው። እንግዲህ አዲስ መጽሐፍ ላይ የአስማት ትምህርት ቤት ባየን ቁጥር «ከሃሪ ፖተር ነው የቀዳው» ማለት ራስን ማጋለጥ ነው። በሌላ በኩል «ሃሪ ፖተርም ከለጊን የተሰረቀ ነው» እያሉ መዞርም ያው ጉድ ነው። ትምህርት ቤት የማንም ርስት አይደለም። ደራሲው ግቢው ውስጥ ምን አደረገበት? መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። በለጊን መጽሐፍ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከውጭ ጠላት አይደለም፤ ከአንድ ልጅ ትዕቢት ነው። ይህን «የልጆች ነው» የሚል ሰው ትልቅ ሰው አያውቅም።

ፊልሙን እንደ መጽሐፉ መቁጠር

በፊልም በኩል ወደ መጽሐፍ የመጣ ሰው ላይ መኮፈስ አልወድም፤ እኔም ግማሹን እንዲያ ነው የጀመርኩት። ግን ፊልሙን አይቶ ስለ መጽሐፉ መከራከር ሌላ ነገር ነው። የለጊን ዋና ገፀ ባሕርይ ቆዳው ቀይ ዳማ ነው፤ የደሴቶቹ ሕዝብም በአብዛኛው ጠይም ወይም ጥቁር ነው። አስባበት ያደረገችው ነው። በ2004 ለቴሌቪዥን ሲሠራ ልጁን ነጭ ተዋናይ ተጫወተው፤ እሷም በአደባባይ ተቃውማ ጻፈች። ያንን ብቻ ያየ ሰው የሚያውቀው ሌላ ልጅ ነው።

ስሞቹን ለመያዝ መጨነቅ

ካርታው ላይ ሃምሳ ስም አለ። ተዉት። ታሪኩ የሚፈልጋቸውን ራሱ ደጋግሞ ይነግራችኋል።

ተከታታዩ አለማለቁን መደበቅ

ይህን በጓደኛዬ ላይ ሠርቻለሁ። ሁለት ቅጽ አዋስኩት። ሁለተኛውን በጨረሰ ሌሊት ደወለልኝ። «ሦስተኛውን ነገ ይዘህልኝ ና» አለኝ። ዝም አልኩ። «አለህ አይደል?» ዝም። «...ወጥቷል አይደል?»

አልወጣም። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ደራሲ የጆርጅ ማርቲን ተከታታይ አምስተኛው ቅጽ የወጣው በ2011 ነው፤ ስድስተኛው ገና ነው። የሌላው ደራሲ የፓትሪክ ሮትፈስ ተከታታይ ሁለተኛው ቅጽም በዚያው ዓመት ወጥቶ ሦስተኛው አልመጣም። ስለዚህ ስታውሱ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሰው ዐውቆ ይግባበት። ደራሲውን በየማኅበራዊ ሚዲያው መሳደብ ግን አንድ ገጽ አይጨምርም። ሮበርት ጆርዳን «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» የተባለውን ተከታታይ በ1990 ጀምሮ ሳይጨርስ በ2007 አረፈ። ሌላ ደራሲ፣ ብራንደን ሳንደርሰን፣ ጆርዳን ከተወው ማስታወሻ ተነስቶ ሦስት ቅጽ ጻፈና በ2013 አስራ አራተኛው ላይ ጨረሰው። ካላለቀ አልጀምርም ያሉ ሰዎች ሃያ ሦስት ዓመት ጠበቁ ማለት ነው። እኔ እንደነሱ አልችልም።

እህቴን ከዚያ ወዲህ ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አልተናገርኳትም። ሁለት ወር። ባለፈው ሳምንት ግን ሳሎን ቁጭ ብላ ስታነበው አየኋት። ወረቀቷ ገጽ 212 ላይ ደርሷል። ትናንት ማታ ቀና ብላ «እኔ የምለው፣ ያ መምህር ግን ደስ ሲል» አለችኝ።

ቶሎ ብዬ ስልኬን ፍለጋ ተነሳሁ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር።